ከብቱ ከሐዲዱ 200 ሜትር ላይ ነው፤ ይነፋ ወይስ ዝም ይባል?

የጭነት ባቡር ነጂ ነኝ። የጎጃም ሰው ባቡር ነጂ ሲሆን ቀልድ ይመስላል፤ አገራችን ሐዲድ የለማ። ሥራውን ያገኘሁ ዕለት ለእናቴ ደውዬ ባቡር ላይ ተቀጠርኩ ስላት እልል አለች፤ ወዲያው ደግሞ ዱቄቱ ደረትህን እንዳይጎዳህ አፍንጫህን ሸፍን ብላ መከረችኝ። እኛ ቀበሌ ባቡር ማለት ወፍጮ ነው። ጭስ ማውጫው ላይ የተገጠመለት ቆርቆሮ ኩኩ ኩኩ እያለ ከጋራ ማዶ ሰው ይጠራል፤ ድምፁ የተሰማ ቀን ሴቱ ሁሉ እህሉን በአህያ ጭኖ ይወርዳል።

ወደ ጥያቄዬ ልግባ። የምነዳው በአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ላይ ነው፤ ከሰበታ ጅቡቲ ወደብ ድረስ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የጭነት ባቡር በሰዓት እስከ 80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በሰከንድ 22 ሜትር ማለት ነው። መንገድ ሐዲዱን በሚያቋርጥበት ማቋረጫ ላይ ችግር የለብኝም፤ እዚያ መንፋት ነው፣ ምንም ሐሳብ አይጠይቅም። የሚያስጨንቀኝ ባዶው ሜዳ ነው። ማቋረጫ የለ፣ ቤት የለ። ከሐዲዱ 200 ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ከብት ተሰማርቷል፤ አንድ ልጅ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን ከላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። ብነፋ ከብቱ ይደነብራል፤ የደነበረ ከብት ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ አይታወቅም። ባልነፋ፣ አንዷ ማዶ ያለው ሣር አምሯት ልትሻገር ትችላለች።

ባለፈው በጋ ነፋሁ። የነፋሁት ግን ዘግይቼ፣ ምናልባት 150 ሜትር ሲቀረኝ ነው። አንዲት ቀይ ላም ከመንጋው ተነጥላ ወደ ሐዲዱ ጠጋ ብላ ትግጥ ነበር። ድምፁን ስትሰማ ቀና አለች፤ አፏ ላይ ሣሩ ተንጠልጥሏል፤ ጆሮዋን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አዞረችው። ከዚያ ሸሸች፤ የሸሸችው ወደ እኔ ነው። የድንገተኛውን ፍሬን ያዝኩ፤ ሺህ ምናምን ቶን የሚጎትት ባቡር ግን ፍሬን ስለተያዘ ብቻ ቀጥ አይልም። ሲቆምልኝ የመጨረሻው ፉርጎ እንኳ አልፏት ሄዷል። በእግሬ ተመልሼ ልጁን አገኘሁት። አያለቅስም። ዱላውን ከትከሻው አውርዶ በጫፉ መሬቱን ይቆረቁራል። ከዚያ ወዲህ እጄ ወደ ማንፊያው ሲሄድ ያመነታል። መንዳት የምታውቁም፣ ከብት የጠበቃችሁም፣ እስኪ ምከሩኝ።

(የመልሱ ክር ረዝሟል። ዘግይታችሁ ለመጣችሁ፣ እስካሁን የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ አፍ ልንገራችሁ። ስድቡን ቀነስ አድርጌዋለሁ።)

ቁጥር 1 ዓባይ በረሃን ለ19 ዓመት የተመላለሰበት የተሳቢ ሹፌር ነው። ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ ነው፤ ቤተሰቡን፣ አዝመራውን፣ ክረምቱን፣ ሁሉን ጠየቀ። ከዚያ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ድረስ ያለው ጠመዝማዛ ያስተማረውን ነገረኝ። ኩርባ ሳይገባ ገና አንዴ ይነፋል፤ ረዳቱን ዝም አሰኝቶ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ያዳምጣል። ከታች የሚመጣው መልሶ ከነፋለት ጥጉን ይይዛል። ኩርባው ውስጥ ከገቡ በኋላ መንፋትን ከሞት በኋላ ንስሐ እንደመግባት ነው የቆጠረው። ክላክስ ለሰው ጆሮ እንጂ ለከብት ጆሮ አልተሠራም የሚለውም የሱ ነው። ማስረጃው የበረሃው ዝንጀሮ ነው፤ ሲነፋለት ዞር ብሎ ሹፌሩን ይገላምጣል እንጂ ከአስፋልቱ አይነሳም።

ቁጥር 2 ጡረተኛ ናቸው፤ አባታቸው ከቢቸና፣ እሳቸው ያደጉት ድሬዳዋ፣ የሠሩትም በድሮው ባቡር ነው። ቁጥር 1ን በአክብሮት አረሙት። መኪና ጥጉን ይይዛል፣ ባቡር ምን ጥግ አለው ነው ነገራቸው። መኪና ነጂ የሚነፋው ተደራድሮ ለመተላለፍ ነው፤ ባቡር ነጂ ግን የሚደራደርበት ነገር የለውም፣ የሚያደርገው ማስታወቅ ብቻ ነው። ጭነት የያዘ ባቡር በሙሉ ፍጥነቱ እየሄደ ለመቆም ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊፈጅ እንደሚችል እሳቸው ናቸው ያስታወሱት። ቀጥለው ትዝታ ውስጥ ገቡ፤ አልቆጨኝም። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር እንደነበር፣ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 እንደገባ ጻፉ። የድሮው ሞተር ራሱ ጥሩምባ ነበር ይላሉ፤ እረኛው ገና በሩቁ በእግሩ ይሰማው ነበር። የአሁኑ በ25 ሺህ ቮልት ኤሌክትሪክ የሚሄደው ግን ሹልክ ብሎ ነው የሚደርሰው። ከፊት ለፊት ለቆመ ሰው ደግሞ የባቡር ድምፅ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ የብረቱ ጩኸት ወደ ጎን ስለሚበተን ጎኑ የቆመው በደንብ ሲሰማ ሐዲዱ ላይ ያለው አይሰማውም። ይቺን እኔም ከሥራዬ አውቃታለሁ፤ እንዲህ አስተካክሎ የነገረኝ ግን አልነበረም።

ቁጥር 3 የባሕር ዳር ተማሪ ነው፤ ታዲያ ለምን መንገዱን ሙሉ አይነፋም ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 4 እኔ ነኝ። ሁልጊዜ የሚጮህ ነገር እንደ ወንዝ ድምፅ ጆሮ እንደሚለምደው፣ የለመደው ጆሮ ደግሞ በጭንቁ ቀንም እንደማይሰማ መለስኩለት።

ቁጥር 5 አሜሪካ የሚኖር የሞጣ ልጅ ነው፤ ቤቱ ከሐዲድ አጠገብ ስለሆነ እንቅልፍ አጥቶ ሕጉን በቃሉ ይዞታል። እዚያ አገር ማቋረጫ ላይ ለመድረስ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ሲቀር መነፋት ይጀምራል፤ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ እንደገና አንድ ረጅም፣ የመጨረሻው ባቡሩ ማቋረጫውን እስኪይዝ ሳይቋረጥ። ፍጥነቱ የቱንም ያህል ቢሆን ግን ከሩብ ማይል፣ ማለት ከ400 ሜትር ገደማ ቀድሞ መጀመር የለም። ከፊት 30 ሜትር ላይ ሲለካ ድምፁ ከ96 ዴሲቤል አያንስም፣ ከ110 አይበልጥም። ማቋረጫው ላይ ተጨማሪ መከላከያ የሠራ ከተማ ባቡሩ እንዳይነፋ ሊያስፈቅድ ይችላል፤ የሱ ከተማ አላስፈቀደም፤ ብሶቱም ይኸው ነው። ቁጥር 6 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት (በነሱ አቆጣጠር 6 ሰዓት) ድረስ፣ ሐዲድ ላይ ሰው ካልታየ በቀር፣ ንፋ የሚለው ምልክት ጋ ሲደረስም እንደማይነፋ ጨመረ። የባሕር ዳሩ ተማሪ በቁጥር 7 ተመልሶ ሂሳብ ሠራ፤ በኔ ፍጥነት 400 ሜትር 18 ሰከንድ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው። ግን ይኼ ሁሉ ስለ ማቋረጫ ነው፤ እኔ የጠየቅሁት ስለ ሜዳው።

ከ8 እስከ 11 ያሉት ስለ ቃል ተጣሉ። አንዱ የባቡር ሲሆን ክላክስ አይባልም፣ ክላክስ ከጣሊያን የቀረልን የመኪና ቃል ነው ብሎ ተነሳ። ሌላው ፊሽካ ነው አለ፤ ፊሽካ የዳኛ ነው ተብሎ ተሳቀበት። ፉርጎም ለገሃርም ከፈረንሳይኛ የመጡ መሆናቸው ተነሳ፤ ማን ምን እንደሚያረጋግጥበት ግን አልገባኝም። ጥሩምባ የሚለው ሊያሸንፍ ሲል አንዲት የደብረ ማርቆስ እናት ገቡና አስቆሙት። ጥሩምባ የዕድር ነው። ጎሕ ሲቀድ የዕድሩ ጥሩምባ ከታች ሰፈር ሲሰማ ቡናው ተጥዶ ይቀራል፣ ማን ሞተ ተብሎ ወደ በር ይወጣል። ባቡር ማርቆስ ቢገባና ንጋት ላይ እንዲያ ቢነፋ፣ እሳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጣቢያው ድረስ ለለቅሶ እንደሚሄዱ ጻፉ። ከዚያ ወዲያ በቃሉ የተከራከረ የለም። እኔም ንፋ ብቻ እያልኩ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ቁጥር 12 የእንጅባራ ሰው ነው፤ ጋሪ አለው። አጻጻፉ ቁጡ ነው። ገበያ አድርሶ ሲመለስ አንድ ሲኖትራክ ከኋላው መጥቶ፣ ጥጉን ይዞለት ሳለ፣ ልክ ጎኑ ሲደርስ ነፋበት። ፈረሱ ጋሪውን ይዞ ቦይ ገባ፤ አንዱ ጎማ ጠመመ፣ የፈረሱ የፊት እግር ተላጠ። ይኼ ፈረስ በጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ሕዝብ እየጮኸ የሚጋልብ ነው፤ ድምፅ አይፈራም። የፈራው ከኋላ በድንገት የመጣውን ነው። ለኔም አንዲት ነገር ወረወረ፤ ላሚቱን የገደላት ባቡሩ ሳይሆን ዘግይቶ የነፋው እጅ ነው አለ። እውነቱን ነው።

ቁጥር 13 ከቡሬ የጻፈ የሲኖ ሹፌር ነው፤ ጨዋታው ከረረ። ጋሪ ከነአካቴው አስፋልት ላይ ምን ይሠራል፣ ሳይነፋ ቢያልፍና ፈረሱ ዘው ቢል ተጠያቂው ማን ነበር ብሎ ሞገተ። የራሱ መኪና የአየር ጥሩምባ ባለ አምስት ድምፅ መሆኑንም ሳይጠየቅ ነገረን። 14 የጋሪው ባለቤት፣ 15 የሲኖው ሹፌር፣ 16 እንደገና የጋሪው ባለቤት። የሦስቱን ይዘት አልደግመውም፤ የአንዱ አያት በሌላው አያት በሬ ነገር ተነስቷል። 17 ላይ አንድ አስታራቂ ሁለቱም የአንድ ደብር ልጆች መሆናቸውን አወጣ፤ ለጊዜው ተረጋጋ።

መሀል ላይ ቁጥር 18 የሁላችንም ጊዜ በከንቱ መባከኑን ገልጾ ተናደደ። ጎጃም ሐዲድ ሳይኖር ስለ ሐዲድ ጨዋነት ይወራል ወይ ነው ጥያቄው። ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በባሕር ዳር፣ ወረታ፣ ወልድያ፣ ሰመራ አድርጎ ጋላፊ የሚደርሰው መስመር ከአገሪቱ የባቡር መረብ ዕቅድ ውስጥ አንዱ እንደነበር አስታወሰ፤ ከወረቀት አልወረደም። አልተሳሳተም። ግን እኔ እኮ እነዳለሁ፤ ሐዲዱ የትም ይሁን የትም ከብቱ ከብት ነው።

ክሩን የለወጡት መልሶች ከዚህ በኋላ ያሉት ናቸው።

ቁጥር 19 ደምበጫ አካባቢ ያስተማሩ መምህር ናቸው። እስካሁን ሁሉም ሰው ክላክስ ሰውን እንደሚያርቅ አድርጎ ማውራቱ ገርሟቸዋል። ትምህርት ቤታቸው ከአስፋልቱ ዳር ነበር። መኪና በነፋ ቁጥር ልጆቹ የሚሮጡት ወደ መንገዱ ነው፤ ሃይላንድ፣ ሃይላንድ እያሉ፣ ባዶ የውኃ ላስቲክ እንዲወረወርላቸው። ደግ ሹፌር ይነፋል፣ ይወረውራል፣ ያልፋል። በልጁ ጆሮ ክላክስ ማለት ሽሽ ሳይሆን ና ማለት ሆኖ ይቀራል። መምህሩ እረፍት ሰዓት ላይ በር ዘግተው ይቆሙ የነበረው ለዚህ ነው። እኔ ይኼን ሳነብ ጀርባዬን በረደኝ። በኛ መስመርም ልጆች እጃቸውን ወደላይ አንስተው እንደሚጎትት ሰው እያደረጉ ንፋልን ይሉናል፤ ስንት ጊዜ ደስ ይበላቸው ብዬ ነፍቻለሁ። ከሐዲዱ በምን ያህል ርቀት ቆመው እንደነበር ግን አላስታውስም።

ቁጥር 20 የእንስሳት ሐኪም ነች፤ የላሚቱን ነገር የፈታችልኝ እሷ ናት። ላም መስማት አይቸግራትም፤ እኛ የማንሰማውን ቀጭን ድምፅ ሳይቀር ትሰማለች። የሚቸግራት ከየት እንደመጣ መለየት ነው። ሰው የድምፅን አቅጣጫ በ1 ዲግሪ ያህል ልዩነት ለይቶ ያውቃል፤ ላም ግን ልዩነቱ ወደ 30 ዲግሪ ካልሰፋ አትለየውም። ፈረስም ከላም ብዙ አይሻልም አለች፤ የእንጅባራውን አስባ መሆን አለበት። እንግዲህ ቀይዋ ላም ጆሮዋን ወዲህና ወዲያ ስታዞር እየፈለገችኝ ነበር። ሳታገኘኝ ሸሸች። እንዲህ ያለ ከብት ድምፁን ሸሽቶ ሳይሆን ወደ ጓደኞቹ ወይም ወደለመደው መንገድ ነው የሚሮጠው፤ የሐዲዱ ጠጠር ደግሞ ብዙ ጊዜ የለመደው መንገድ ነው። ግመልም ሐዲዱን ይዞ ፊት ፊትህ የሚጋልበው ለዚሁ ይሆን ብዬ ጠይቄያታለሁ፤ ግመል አክማ ስለማታውቅ አልመለሰችም።

ቁጥር 21 ስሙን ያልጻፈ ሰው ነው። የድሃ ላም ገድለህ እዚህ ተረት ታወራለህ የሚል ይዘት ያለው ሁለት መስመር ጽፎ ወጣ። ቁጥር 5 ሊከላከልልኝ ሞከረ፤ ባይሞክር እመርጥ ነበር።

ቁጥር 23 በልጅነቷ ሉማሜ አካባቢ ከብት የጠበቀች፣ ዛሬ ነርስ የሆነች እህታችን ናት። ሁላችሁም ስለ ነጂውና ስለ ከብቱ ታወራላችሁ፣ ልጁን ማን ጠየቀው ብላ ጀመረች። 14 ከብት የምትጠብቅ የ9 ዓመት ልጅ ክላክስ ስትሰማ ምን ታደርጋለች? መጀመሪያ ቀና ብላ የቱ ከብት የት እንዳለ በዓይኗ ትቆጥራለች። ከዚያ መሮጥ ያለባት ወደ መንገዱ ቀድማ ነው፤ ከከብቱ ኋላ ሆና ብትሮጥ ራሷ ወደ መንገዱ ትነዳቸዋለች። ዞራ፣ ከብቱን ቀድማ፣ መንገዱን ጀርባዋ አድርጋ መቆም አለባት። ያ ሩጫ በድንጋይና በአረም መካከል አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ በክረምት ጭቃ ላይ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ክላክሱ እየደጋገመ ከጮኸ ልጅቱ ትደነግጣለች፣ ከብቱም የሷን ድምፅ አይሰማም። ከብቱ የሚታዘዘው እኮ ለሷ ነው፤ በስም ነው የምትጠራቸው። አንዴ፣ ረጅም፣ ከሩቅ፤ ከዚያ ዝም በሉልን ብላ ጨረሰች። ቀንዷ የዞረ ቡሬ የምትባል ላም እንደነበረቻትም ጽፋለች፤ ይኼን ያነበበው የቡሬው ሹፌር ከተማችን በላም ስም ተጠራ ብሎ ቁጥር 24ን ለቀልድ አዋለው።

አንድ ደቂቃ በኔ ፍጥነት 1,300 ሜትር ነው። ሂሳቡን ሠርቼ ዝም አልኩ። ከዚያ ርቀት ላይ መንጋው እንደ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል፤ ልጁ ጭራሽ አይታይም። ሳላየው ነው የምነፋለት ማለት ነው። ቁጥር 25 ላይ የዓባይ በረሃው ሹፌር ተመለሰና እሱም እስካሁን ከኩርባው ማዶ ያለውን ሰው አይቶ ነፍቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ከነፉ በኋላ መስኮት ዝቅ አድርጎ ማዳመጥ ባቡር ላይ ባይሠራም፣ በዓይን ማዳመጥ ይቻላል አለ፤ ነጠብጣቡ መንቀሳቀስ ከጀመረ ሰምተውሃል፣ ካልተንቀሳቀሰ ፍጥነትህን ቀንስ፣ እንደገና ንፋ። ጡረተኛው አባታችን 26 ላይ በዚህ ተስማሙ። አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ፤ ከብቱ ጎን ከደረስክ በኋላ፣ ሐዲዱ ላይ የቆመ ነገር እስከሌለ ድረስ፣ እጅህን ከማንፊያው ላይ አንሳ። የጋሪው ሰው 27 ላይ ይኼን ሦስት ጊዜ በቃለ አጋኖ አጸደቀው።

እረፍቴ ነገ ያልቃል። ለእናቴ ከስልኬ ላይ የባቡሩን ድምፅ አሰማኋት፤ የኛው ወፍጮ ይበልጣል አለች።

ቁጥር 28 ያገለገለ የአየር ጥሩምባ፣ ባለ አምስት ድምፅ፣ ከነመጭመቂያው እንደሚሸጥ የሚናገር ማስታወቂያ ነው። የለጠፈው የቡሬው ሹፌር ነው። 29 ላይ ዋጋ የጠየቀው የጋሪው ባለቤት ነው። ለምን እንደፈለገው አልጻፈም።